መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ግንባታ ላይ ፌሮ በመቁረጥ ላይ ሳለን ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። ረዳቴ በእጁ የነበረውን ግራይንደር (በሚዞር ዲስክ ብረትና ድንጋይ የሚቆርጠውን መሣሪያ) ማብሪያው በርቶ እንደተቆለፈ ጣውላ ላይ አስቀምጦ ውሃ ሊጠጣ ወደ ጥላው አመራ። ሶኬቱን እንዲነቅል ስነግረው «አቦ፣ መብራት እኮ የለም!» አለኝ፤ እኔም አልተከራከርኩትም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መብራቱ ሲመጣ ማንም ያልነካው ግራይንደር በራሱ ተነሣ። ዲስኩ ጣውላውን ነክሶ መሣሪያውን እንደ ጎማ እያንከባለለ ወሰደውና ጎንበስ ብሎ ፌሮ ይለቅም ወደነበረ የቀን ሠራተኛ እግር አደረሰው። ገመዱ ተወጥሮ ባያስቆመው ኖሮ ቁርጭምጭሚቱን ያገኘው ነበር፤ የሱሪውን ጠርዝ ግን እንደ ምላጭ ሰንጥቆታል። የሥራው ኃላፊ እኔ ነበርኩና ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሰው መሣሪያው እየጮኸ ሲሠራ ይጠነቀቃል፤ ጥንቃቄውን የሚያላላው መሣሪያው የቆመ በሚመስልበት ጊዜ፣ ማለትም ዲስክ ሲቀየር፣ የተቀረቀረ ፑንታ (የድሪል መብሻ ብረት) ሲወጣ፣ መብራት ሲሄድና ለምሳ ሲነሣ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጀምረው ከመቁረጥና ከመብሳት ሳይሆን ሶኬት ከመንቀል ነው።

ቁልፉን ከሶኬቱ ጋር ማሰር

ደንቡ አጭር ነው፤ እጅዎ ወደ ዲስኩ ወይም ወደ ፑንታው ከመቅረቡ በፊት ሶኬቱ መነቀል አለበት። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ማብሪያው ውስጥ የሲሚንቶ ብናኝ ገብቶ ሊያጣብቀው ይችላል፣ መሣሪያውን ጭንዎ ላይ አስደግፈው ዲስኩን የያዘውን ዳዶ ሲፈቱም ክንድዎ ሳያስቡት ሊጫነው ይችላል። ይህን ሁሉም ሠራተኛ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ፎርማኑ ከታች እየተጣራ፣ ኮንክሪት የጫነው መኪና በር ላይ ቆሞ እያለ ማስታወስ ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት እኔ የምመክረው ደንቡን ለማስታወስ ከመታገል ይልቅ በሲባጎ ማሰርን ነው።

የግራይንደሩን ዳዶ የሚፈታውን ቁልፍ ይውሰዱና ከመሣሪያው ገመድ ጫፍ፣ ከወንዴው ሶኬት አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጠንካራና አጭር በሆነ ሲባጎ ይሰሩት። ሲባጎው ከአንድ ስንዝር ከረዘመ ጥቅሙን ያጣል። ከዚያ በኋላ ዲስክ ለመቀየር የፈለገ ሰው ቁልፉን ለማግኘት ወደ ሶኬቱ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ ቁልፉን ወደ ዲስኩ ለማምጣት ደግሞ ሶኬቱን ነቅሎ ገመዱን መሳብ ይኖርበታል። የኤክስቴንሽኑ ጫፍ ከእግሩ ሥር ቢሆን እንኳ እጁ ቁልፉን ሲይዝ ሶኬቱን አብሮ ይነካዋልና መንቀሉን አይረሳም። ፑንታው በቁልፍ የሚጠብቅ ድሪል ካለዎትም የእርሱን ቁልፍ እንዲሁ ያድርጉት፤ ቁልፉ ፑንታ መያዣው ላይ ተረስቶ መሣሪያው ሲነሣ ተወርውሮ ፊት መምታቱም በዚሁ ይቀራል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ የማብሪያውን መቆለፊያ ይልቀቁ፣ ወዲያው ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ከዚያም መሣሪያውን ዲስኩ መሬት በማይነካበት አኳኋን ያስቀምጡ። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል ሞተሩን ለማዳን ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ይሻላል። አዲስ ግራይንደር የሚገዛ ሰው ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ በራሱ የማይነሣውን ዓይነት ጠይቆ ቢገዛ በዋጋ የሚጨምረው ገንዘብ አይቆጨውም። በማንኛውም ዓይነት መሣሪያ ላይ ግን ከመሰካትዎ በፊት ማብሪያው የጠፋ መሆኑን በዓይንዎ ማየት አለብዎት።

ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ከግንባታ መሣሪያዎች ሁሉ ጠበቅ ያለ ትኩረት የሚሻው ግራይንደር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ስለ እርሱ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በገበያ በብዛት የሚገኙት በዲስካቸው ስፋት ባለ 115፣ ባለ 125 እና ባለ 230 ሚሊሜትር ናቸው። ትንንሾቹ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ የሚዞሩ ሲሆን ትልቁ ግን 6,500 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛ ዙር ተጽፏል፤ በ115ቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 13,300፣ በ230ው ላይ ደግሞ 6,600 ወይም 6,650 የሚል ያገኛሉ። ቁጥሮቹ ይለያዩ እንጂ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ፍጥነት ነው፤ የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ መሮጥ የለበትም ማለት ነው። ይህ በሰዓት ሲሰላ 288 ኪሎሜትር ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ትልቅ ዲስክ ርካሽ ስላገኘ ወይም ጠለቅ ብሎ ለመቁረጥ ስለፈለገ መከለያውን ፈትቶ 230ውን ዲስክ በትንሹ ግራይንደር ላይ ቢያስር ምን እንደሚሆን ይታሰብ። በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 132 ሜትር ያህል፣ ማለትም በሰዓት ከ470 ኪሎሜትር በላይ ይሮጣል። መቁረጫ ዲስክ በመረብ የተደገፈ የሙጫና የጠጠር ድብልቅ እንጂ ብረት አይደለም፤ ከተሠራበት ልክ በዚህን ያህል ሲያልፍ ሊበተን ይችላል፣ ሲበተን ደግሞ ስብርባሪውን የሚመልሰው መከለያ አስቀድሞ ተፈትቷል። መከለያ የሌለው ግራይንደር በእኔ የሥራ ቦታ አይሰካም፤ የአንድ ቀን ሥራ ቢዘገይም ይዘግይ። የእንጨት መጋዝ ጥርስ ያለውን ዲስክ በግራይንደር ላይ ማሰርም እንዲሁ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ መሣሪያውን ከእጅ ነጥቆ ወደ ሰውነት ይመልሰዋልና።

በዲስኩ መሐል ባለችው የብረት ቀለበት ላይ «ቪ» ከሚለው የላቲን ፊደል ቀጥሎ ወርና ዓመት ተቀርጾ ይገኛል። ይህ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው ሲሆን ዲስኩ ከተሠራ ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ሙጫው በእርጥበትና በሙቀት እየደከመ ስለሚሄድ ጊዜው ያለፈበትን ዲስክ አዲስ ቢመስልም መጣል ያስፈልጋል። ሲገዙ ቀለበቷን ብርሃን ላይ ዘንበል አድርገው ያንብቡ። ወድቆ የነበረ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ወይም ውሃ የጠጣ ዲስክም አይታሰርም። በመቁረጫ ዲስክ ጎን መሞረድ ደግሞ ብዙዎች እንደ ቀላል የሚያዩት ነገር ግን ስስ የሆነውን ዲስክ ወደ ጎን አጥፎ የሚሰብር ልማድ ነው፤ ለመሞረድ ወፍራሙን ዲስክ ይጠቀሙ።

አዲስ ዲስክ ካሰሩ በኋላ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙረው ለ30 ሰከንድ ያህል ባዶውን ያስኪዱት። ሊሰበር ካለው እዚያው ይለይለታል። መቁረጥ ሲጀምሩ ፊትዎና ደረትዎ ዲስኩ በሚዞርበት መስመር ላይ እንዳይሆኑ ከመስመሩ ወደ ጎን ቆም ይበሉ፣ የጎኑን እጀታ ሳይፈቱ በሁለት እጅዎ ይያዙ። ግራይንደር ወደ ሰው የሚመለስበት ዋናው ምክንያት የሚቆረጠው ነገር ዲስኩን ቆንጥጦ መያዙ ነው። ፌሮ በሁለት ድንጋዮች ላይ ዳርና ዳሩ ተደግፎ መሐሉ ሲቆረጥ ወደ ታች ይጎብጥና የተቆረጠበት ስንጥቅ ከላይ ይዘጋል፤ ዲስኩ እዚያ ውስጥ ሲታፈን ኃይሉ ሁሉ ወደ እጅ ይዞራል። ስለዚህ የሚቀረውን ወገን በደንብ አስረው፣ የሚወድቀውን ወገን ደግሞ ነፃ ትተው ከድጋፉ ውጪ ይቁረጡ። ማብሪያውን ከለቀቁ በኋላም ዲስኩ ለብዙ ሰከንዶች ይዞራልና ድምፁ ፈጽሞ ሳይጠፋ መሬት ላይ አያስቀምጡት። የእሳት ፍንጣሪው የሚያርፍበት አቅጣጫ ባዶ የሲሚንቶ ወረቀት፣ ጆንያ ወይም ቀለም እንዳይኖርበት አስቀድመው ያጽዱ።

ሽርጥ፣ ጓንትና መነፅር

የድሬዳዋን ሙቀት ለማያውቅ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለብሶ መሥራትን ማዘዝ ቀላል ነው። እኛ ግን በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ መሥራት ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ሽርጥ አገልድሞ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚሠራ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግም ይገባኛል። ቢሆንም የሽርጥ ጫፍ በድሪል ፑንታ ከተጠቀለለ ሰውየውን ጎትቶ ወደ መሣሪያው ያስገባዋል፤ ጨርቁን ለመፍታት ጊዜ የለም። የሚሻለው ልብሱን ማውለቅ ሳይሆን የሥራውን ሰዓት ማዛወር ነው። ከባዱ የመቁረጥና የመስበር ሥራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ እስከ 5 ሰዓት ቢያልቅ፣ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ሐሩር መለካትና ማሰር የመሳሰሉ ሥራዎች በጥላ ቢሠሩ፣ ወፍራም ሱሪና የተዘጋ ጫማ መልበስ የሚቻል ይሆናል። ከሰዓት በኋላ በጫት የነቃ ሰው ድካሙ ባይሰማውም እጁ ግን ከጠዋት ጀምሮ የሠራ እጅ ነው፤ ግራይንደርና ድንጋይ መስበሪያ በዚያ ሰዓት ባይያዙ እመርጣለሁ።

ጓንትን በተመለከተ አንድ ደንብ ለሁሉም አይሆንም። በግራይንደር ሲሠሩ በእጅ ልክ የሆነ የቆዳ ጓንት ይጠቅማል፤ በድሪል ሲበሱ ግን ሰፋ ያለ የጨርቅ ጓንት በፑንታው ስለሚጠቀለል ጉዳት ያመጣል። መነፅር የጎን መከለያ ያለው መሆን አለበት፣ ለግራይንደር ደግሞ ከላዩ የፊት መሸፈኛ ቢጨመር መልካም ነው። ዓይን ውስጥ ብረት ከተሰካ ማሸትም ለማውጣት መሞከርም አይገባም፤ ሳይጫኑት ከልለው ሰውየውን በፍጥነት ወደ ሐኪም ያድርሱት። የግራይንደር ጩኸት 100 ዴሲቤል ያህል ሊደርስ ይችላል፤ በብዙዎች ዘንድ የሚሠራበት ስሌት እንደሚያሳየው ጆሮ 85 ዴሲቤልን ስምንት ሰዓት ሲችል 100ን የሚችለው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እነዚህን መከላከያዎች የማቅረብ ግዴታን በአሠሪው ላይ፣ የመጠቀም ግዴታን ደግሞ በሠራተኛው ላይ ስለጣለ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ስለ ብናኙ ጥቂት ልጨምር። አሸዋ፣ ኮንክሪት፣ ግራናይትና ብዙ ዓይነት ሴራሚክ በውስጣቸው ሲሊካ አለ፤ በዲስክ ሲቆረጡ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይፈጥራል፣ በሽታው ከያዘ በኋላም የሚያድነው መድኃኒት የለም። ከደቻቱ ወንዝ ዳር የሚነሣውን አቧራ የለመደ ሰው ይህንንም እንደዚያው ይቆጥረዋል፣ ነገር ግን የሚገድለው ክፍል በዓይን የማይታየው ነው። በአፍንጫ ላይ የተጠመጠመ ፎጣ ትልቁን አቧራ እንጂ ይህን አያግድም፤ ቢያንስ «ኤን 95» ወይም «ኤፍ ኤፍ ፒ 2» የተባለው ጭንብል ያስፈልጋል። ውሃ ብናኝን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ሆኖም ለውሃ ባልተሠራ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ሞትን መጥራት ነው፤ ውሃ የሚጠቀሙት ለዚሁ በተሠራ መቁረጫ ብቻ ነው። ያለዚያ ከቤት ውጪ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርገው ይቁረጡ።

ገመዱ ሲሞቅ

የእኛ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ድሪል ላይ 120 ቮልት የሚል ካነበቡ ትራንስፎርመር ሳይኖር አይሰኩት፤ ባንድ አፍታ ይቃጠላል።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር ግን የኤክስቴንሽን ገመድ ነው። 2,000 ዋት የሆነ መሣሪያ ከ9 አምፔር በላይ ይስባል። በ50 ሜትር ገመድ ላይ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ መንገድ ላይ የሚጠፋው 7 ቮልት ያህል ነው፤ 1.5 ከሆነ 11 ቮልት ይጠፋል፤ ለመብራት በሚሆነው 0.75 ሽቦ ከሠሩ ግን ከ22 ቮልት በላይ ይጠፋል። የጠፋው ኃይል ወደ ሙቀትነት ተለውጦ ገመዱን ያሞቀዋል፣ ሞተሩም ኃይል ስላነሰው እየተጨነቀ ይሞቃል። «ይህ ግራይንደር ጉልበት የለውም» ተብሎ ወደ ጠጋኝ የሚመጣ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከገመዱ ነው። ረጅም ገመድ በመጠቅለያው ላይ እንዳለ ሲሠራበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ የሚያስፈልግዎት አምስት ሜትር ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ይዘርጉት። በግማሽ ሰዓት ሥራ መሐል ገመዱን በእጅዎ ሲዳስሱት የሚሞቅ ከሆነ ይቀየር።

ብሬከር ገመድን እንጂ ሰውን እንደማያድን መታወቅ አለበት። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሰው ለመግደል ከሚበቃው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ሳያቋርጥ ያሳልፋል። ሰውን የሚያድነው ኃይል ወደ መሬት ሲፈስ የሚያቋርጠው፣ «ቴስት» የሚል ቁልፍ ያለውና 30 ሚሊአምፔር የተጻፈበት ዓይነት ነው፤ በግንባታ ቦታው ማከፋፈያ ላይ አንድ ያስገቡና በየጊዜው ቁልፉን ተጭነው ኃይሉን ማቋረጡን ያረጋግጡ። በላብ የራሰ ቆዳ ኤሌክትሪክን በቀላሉ እንደሚያሳልፍ ሲታሰብ ይህ ዕቃ ለድሬዳዋ ቅንጦት አይደለም። ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው ሳይነኩት መጀመሪያ ኃይሉን ያቋርጡ።

መብሳት

ድሪል ከግራይንደር የዋህ ነው፤ የሚጎዳው በአብዛኛው ፑንታው ፌሮ ነክሶ ሲቆም መሣሪያው ራሱ ሲጠመዘዝ ነው። መሰላል ላይ ከሆኑ የእጅ አንጓን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ይጥላል። የጎን እጀታውን አስረው፣ ማብሪያውን ሳይቆልፉ፣ እግርዎን አጽንተው ይብሱ። እንደ ከዚራ ባለ የከተማችን ሰፈር ውስጥ በአሮጌ የድንጋይ ቤት ግድግዳ ላይ ከመብሳትዎ በፊት ከሶኬትና ከማብሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚሄደውን መስመር ይራቁ፤ ሽቦው የት እንዳለፈ ካልተረጋገጠ የቤቱን ኃይል ከቆጣሪው ያጥፉና በባትሪ ድሪል ይብሱ።

ባትሪ ግን ሙቀት አይወድም። የሊቲየም ባትሪ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ካለፈ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ፀሐይ የመታው የላሜራ ኮንቴነር ውስጥ ይህ በቀላሉ ይታለፋል። ከሥራ የወጣ ትኩስ ባትሪ በጥላ ይቀዝቅዝ፣ በማታም ቻርጅ ይደረግ። ያበጠ ባትሪ ዳግም አይሰካም።

የማታው አሥር ደቂቃ

ሥራ ሲያበቃ መሣሪያውን በድንገት አያጥፉት፤ ከባድ ሥራ ከሠራ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን ቢሄድ የራሱ ማራገቢያ ሞተሩን ያበርደዋል። ከዚያም ሶኬቱን ነቅለው፣ መነፅር አድርገው የአየር መግቢያዎቹን በደረቅ ብሩሽ ወይም በአየር ያጽዱ። የብረት ብናኝ በሞተሩ ውስጥ ሲጠራቀም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ወደ ውጪ አካሉ ሊያደርስ ይችላል። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶችዎ መሐል ያሳልፉት፤ በተለይ ወደ መሣሪያው በሚገባበት አንገት ላይ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ገመድ በፕላስተር አይጠቀለልም፤ ስንጥቁ ካለበት በላይ ተቆርጦ እንደገና ይታሰራል። የሀመር ድሪል ፑንታ ሲገባ ጭራው ተጠርጎ ጥቂት ግሪስ ይቀባ፤ አቧራ ይዞ ከገባ ውስጡን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈጨዋል።

መሣሪያው አልፎ አልፎ የሚቆም ወይም በአየር መግቢያው በኩል ብዙ ፍንጣሪ የሚያሳይ ከሆነ መጀመሪያ ካርቦኑን፣ ማለትም ኃይሉን ወደሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል የሚያደርሱትን ሁለት ትንንሽ ቁራጮች፣ ይመልከቱ። በሁለቱም ጎን ያሉትን ክዳኖች በካቻቪቴ ይፍቱ፤ ካርቦኑ ከ5 ወይም ከ6 ሚሊሜትር ካጠረ፣ ወይም ላዩ ላይ የተሠመረው መስመር ላይ ከደረሰ ይቀየር። ሁለቱ አብረው መቀየር አለባቸው፣ ምክንያቱም አንዱ አሮጌ ከሆነ አዲሱን ያለ እኩል ይበላዋል። መጠኑ ያልተገጣጠመ ካርቦን በመሞረጃ አስተካክሎ ማስገባት በከተማችን የተለመደ ነው፤ ዘንበል ብሎ ከገባ ግን የሚሽከረከረውን መዳብ ይቧጥጠዋል፣ ያን ክፍል በአዲስ ሽቦ ማስጠቅለል ደግሞ የአዲስ መሣሪያ ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። አዲሱ ካርቦን ከገባ በኋላ መሣሪያውን ሳይጫኑት ለጥቂት ደቂቃዎች ባዶውን ያስኪዱት፤ ካርቦኑ የመዳቡን ቅርጽ ሲይዝ ፍንጣሪው እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ፣ ወይም ኩሽኔታው የሚያፏጭ ድምፅ ካሰማ፣ ሶኬቱን ነቅለው የታየውን ምልክት በወረቀት ጽፈው ከመሣሪያው ጋር ያስሩና ለጠጋኙ ይስጡት፤ ማታ ላይ ያልተጻፈበትን መሣሪያ ጠዋት ሌላ ሰው አንሥቶ ይሰካዋል።